የወጣት ሀብት መነሻ፤ የእጅ ሥራና ግልጽ ሒሳብ

ሲሳይን ለፍጥረቱ ሁሉ ለሚያድለው ለአላህ ምስጋና ይድረሰው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፣ ወጣቶች ሆይ! ብዙዎቻችሁ ወደ ዑለማእ እየመጣችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። «ሀብት ማግኘት እሻለሁ፤ ነገር ግን መነሻ የለኝም፤ ከየት ልጀምር?» ትላላችሁ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ጠያቂውን ዓለም ወዳድ ብሎ ይነቅፈዋል። ነቀፌታው ግን ተገቢ አይደለም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ታመው ሳሉ አብዛኛውን ሀብታቸውን ለምጽዋት ሊናዘዙ በፈለጉ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሲሶ እንዳያልፉ ከልክለዋቸዋል፤ ሲሶውም ቢሆን ብዙ መሆኑን ነግረዋቸዋል። ወራሾችን የሰው እጅ የሚያዩ ድኾች አድርጎ ከመተው፣ የተብቃቁ አድርጎ መተው እንደሚሻል አስተምረዋል። እንግዲህ ሀብትን በሐላል መንገድ መሻት ነውር የለበትም። ልናውቀው የሚገባን ሀብት ከምን እንደሚጀመርና በምን እንደሚጸና ነው። ይኸውም በእጅ ሥራ ይጀመራል፤ በግልጽ ሒሳብ ይጸናል።

አንደኛ ትምህርት፤ ትንሹን መነሻ አለመናቅ

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ የመካ ነጋዴ ነበሩ። መከራ በጸናባቸው ጊዜ አስቀድመው ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት ሰዎች አንዱ ናቸው። በኋላም በ622 እ.ኤ.አ. ሙስሊሞች ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ ሀብታቸውን ከኋላቸው ትተው መዲና ገቡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲናው ሰው ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ከመዲና ባለጸጎች አንዱ ስለ ነበሩ፣ ገንዘባቸውን እኩል ከፍለው ሊሰጧቸው ፈቀዱ።

ዐብዱረሕማን ግን ሰዕድን በቤተ ሰባቸውና በገንዘባቸው መርቀው፣ ገበያው ወዴት እንደ ሆነ ብቻ ጠየቁ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩአቸው። ከዚያም የደረቀ አይብና ቅቤ አትርፈው ተመለሱ፤ በማግሥቱም ማልደው ሄዱ። ጥቂት ጊዜ ቆይቶም የአንሷር ሴት አግብተው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ታዩ። ለመህሩም በአንዲት የተምር ፍሬ ክብደት ወርቅ ሰጥተው ነበር። ነቢዩም በአንድ በግ እንኳ ቢሆን የሠርግ ድግስ እንዲያደርጉ አዘዟቸው።

ወጣት ሆይ! ይህን ልብ በል። የቀረበላቸው ስጦታ ሐላል ነበረ፤ ሰጪውም በፍጹም ልቡ የሰጠ ወንድም ነበረ። ቢቀበሉ የሚነቅፋቸው አልነበረም። ዳሩ ግን የእጃቸውን ሥራ መረጡ። በመካ የቅፍለት ንግድ የለመዱ ሰው በመዲና አይብና ቅቤ ሲሸጡ አላፈሩም። ዛሬ ስንቱ ወጣት ትልቅ ሱቅ እስኪከፈትለት ድረስ ትንሹን ሥራ ንቆ፣ በአባቱ ደጃፍ ተቀምጦ ዕድሜውን ይፈጃል!

«እርሳቸው ንግድ የለመዱ ስለ ነበሩ ነው» የምትል ከሆነ ደግሞ፣ ንግድ ያልለመደውን ሰው ታሪክ ስማ። ከአንሷር አንድ ድኻ ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። በቤቱ ምን እንዳለው ጠየቁት። ግማሹን የሚለብሱት፣ ግማሹን የሚያነጥፉት አንድ ጨርቅና ውኃ የሚጠጡበት አንድ ጣሳ ብቻ ነበረው። ነቢዩም ሁለቱን አስመጥተው በሰው ፊት ለጨረታ አቀረቡ። አንዱ ሰው አንድ ዲርሃም ሰጠ፤ ሌላው ሁለት ዲርሃም ጨምሮ ወሰደው። በአንዱ ዲርሃም ለቤተ ሰቡ ምግብ፣ በሁለተኛው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። መጥረቢያውን ሲያመጣም እጀታውን በገዛ እጃቸው አበጁለት፤ እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥ፣ እስከ 15 ቀንም እንዳይታይ ነገሩት። ሰውየው አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ፤ ልብስና ምግብም ገዛ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ነው። ያለውን ዕቃ መነሻ አደረጉለት። ቤተ ሰቡ እንዳይራብ ግማሹን ለምግብ ለዩ። የቀረውን ግማሽ ለሥራ መሣሪያ አዋሉ። የቁርጥ ቀንም ወሰኑለት። ወጣት ሆይ! ያለህን ገንዘብ ሁሉ በንግድ ላይ አፍስሰህ ቤትህን አታስርብ፤ ሁሉንም በልተህም ያለ መሣሪያ አትቅር።

ሁለተኛ ትምህርት፤ በሰው ገንዘብ መሥራት

ገንዘብ የሌለው ታማኝ ሰው፣ ገንዘብ ካለው ሰው ጋር ሊሠራ ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት በወጣትነታቸው ዘመን የኸዲጃን የንግድ ዕቃ ይዘው ወደ ሻም ሄደዋል። ኸዲጃ ገንዘባቸውን የሰጧቸው ስለ ታማኝነታቸው በሰሙት ወሬ ነበር።

እንዲህ ያለውን ውል ዑለማእ ሙዷረባ ይሉታል። አንዱ ገንዘቡን ያወጣል፤ ሁለተኛው በጉልበቱና በዕውቀቱ ይሠራል። ትርፉን የሚካፈሉት አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ነው፤ ይኸውም ግማሽ ወይም ሲሶ ተብሎ እንጂ «በየወሩ ይህን ያህል ብር» ተብሎ አይደለም። ለምሳሌ፣ በ100,000 ብር ተሠርቶ 30,000 ብር ቢተርፍና ውላቸው እኩል ቢሆን፣ ለእያንዳንዳቸው 15,000 ብር ይደርሳል። ሠራተኛው ሳይሳሳትና ውሉን ሳያፈርስ 20,000 ብር ቢከስር ግን፣ ክሳራው በባለ ገንዘቡ ላይ ይወድቃል፤ ሠራተኛውም ድካሙን ያጣል። አራጣ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት ግልጽ ነው። አራጣ አበዳሪው ተበዳሪው ቢያተርፍም ቢከስርም ጭማሪውን ይወስዳል፤ የሌላውን ጉዳት አይካፈልም።

ዑርዋ አል ባሪቂ የተባሉ ሶሓባ አንድ በግ እንዲገዙ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ዲናር ተቀበሉ። በዲናሩ ሁለት በግ ገዝተው፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጡና በጉንም ዲናሩንም አምጥተው አስረከቡ። ነቢዩም በንግዳቸው በረካ እንዲያገኙ ዱዓእ አደረጉላቸው፤ ከዚያ በኋላ አፈር ቢገዙ እንኳ የሚያተርፉ ሰው ሆኑ። ትርፉን ደብቀው አንዱን በግ ብቻ ቢያስረክቡ ኖሮ ማንም ሰው አይጠይቃቸውም ነበር። ወጣት ሆይ! ሰው ገንዘቡን ሁለተኛ ጊዜ የሚሰጥህ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ማንም ያላየውን ትርፍ ስታሳየው ነው።

ሦስተኛ ትምህርት፤ ዕዳን መጻፍ

በቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ የሚረዝመው በበቀራ ምዕራፍ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ዕዳው ቢያንስም ቢበዛም፣ እስከ ጊዜው ድረስ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት ያዛል። ስለዚህ «እንተማመናለን» ብሎ ሳይጽፍ የሚቀር ሰው፣ መተማመንን የሚጠብቀውን አጥር ያፈርሳል።

ዙበይር ኢብኑል ዐዋም ታማኝ ስለ ነበሩ፣ ሰዎች ገንዘባቸውን በአደራ ሊያስቀምጡባቸው ይመጡ ነበር። እርሳቸው ግን እንዳይጠፋባቸው በመፍራት በብድር ስም ይቀበሉት ነበር። አደራ ያለ ጥፋት ቢጠፋ ጠባቂው አይከፍልም፤ ብድር ግን በማናቸውም ምክንያት ይከፈላል። በ656 እ.ኤ.አ. በሞቱ ጊዜ ዕዳቸው በዘመኑ ገንዘብ 2,200,000 ሆኖ ተገኘ። ከመሞታቸው በፊት ልጃቸውን ዐብዱላህን ንብረታቸውን ሸጦ ዕዳቸውን እንዲከፍል ተናዝዘውት ነበር። በ170,000 የገዙት የጋባ መሬት በ1,600,000 ተሸጠ። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ወራሾቹ ድርሻቸውን ቢጠይቁም፣ ዐብዱላህ አራት ዓመት በሐጅ ወራት ባለ ዕዳ ካለ እንዲመጣ ሳያስነግር አላካፍልም አለ። እንዳለውም አደረገ።

እዚህ ላይ ለነጋዴ ቤተ ሰቦች አንድ ቃል አለኝ። አባቶች ሆይ! ልጃችሁ በሱቃችሁ ውስጥ አሥርና ሃያ ዓመት ያገለግላል። ደመወዝተኛ ነውን? ሽርክ ነውን? ወይስ አባቱን በመርዳት ምንዳ የሚሻ ልጅ ነውን? ይህ ሳይነገር አባት ሲሞት፣ በሱቁ ያረጀው ልጅ «ይህ የድካሜ ነው» ይላል፤ ትናንት ከትምህርት ቤት የመጣው ወንድሙ «ይህ የአባታችን ውርስ ነው» ይላል፤ እኅቶቻቸውም የተወሰነላቸውን ድርሻ ሳያገኙ ይቀራሉ። አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች በዳኛ ፊት ይቆማሉ። ይህን ሁሉ አባት በሕይወት ሳለ የሚጻፍ አንድ ወረቀት ባስቀረው ነበር። ልጆችም ሆይ! ይህን በአክብሮት መጠየቅ አባትን መዳፈር አይደለም።

አራተኛ ትምህርት፤ ገንዘብን ማጥራት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገቡ፤ ውስጡንም እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ ገሠጹት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስታወቁ። ልብ በሉ፤ ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ መደበቁ ነበር።

ዘካም የሒሳብ አካል ነው። ገንዘቡ 20 ሚስቃል ወርቅ፣ ማለት 85 ግራም ያህል፣ ዋጋ ሲደርስና አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው፣ ከ40 አንድ እጅ ይወጣል። ነጋዴ በዓመቱ ፍጻሜ ለሽያጭ ያለውን ዕቃ በዕለቱ ገበያ ዋጋ ይገምታል። ዕቃው 300,000 ብር፣ በእጁ ያለው 80,000 ብር፣ ይከፈለኛል ብሎ የሚተማመንበት ብድር 20,000 ብር ቢሆን፣ ድምሩ 400,000 ብር ነው፤ ዘካውም 10,000 ብር ይሆናል። መደርደሪያና ሚዛን ለሽያጭ ስላልሆኑ አይቆጠሩም። ዘካውን በትክክል ለማውጣት የሚሻ ነጋዴ መዝገብ ሳይዝ አይችልም፤ መዝገብ የያዘም ክሳራው ሳይብስ በጊዜው ያየዋል።

ወጣቶች ሆይ! እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሁለት ነገር አድርጉ። በእጃችሁ ያለውን ትንሽ ነገር፣ ዕቃም ሆነ ሙያ፣ ቁጠሩ። ቀጥሎም ያለባችሁን ዕዳ ከነባለቤቱ ስም ጻፉ። መጥረቢያው ከዚያ በኋላ ይገዛል።

አላህ ሆይ! ከሐራም የሚያብቃቃንን ሐላል ስጠን። ዕዳችንን ሳንከፍል ነፍሳችንን አትውሰድ። በልጆቻችን መካከል በገንዘብ ምክንያት ጠብን አታግባ። አሚን።