ቁስሉ ደረቀ ማለት እጁ ዳነ ማለት አይደለም!

የጃዝ ጊታሪስቱን ጃንጎ ራይንሃርትን ታውቁታላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1928 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ የሚኖርባት የጋሪ ቤት ተቃጠለች። የግራ እጁ ክፉኛ ተጎዳ፤ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ታጥፈው ቀሩ። ጊታር ላይ ክሮቹን የሚጫነው ደግሞ ይሄው እጅ ነው። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ሶሎውን በሁለት ጣት ብቻ የሚጫወትበትን የራሱን ዘዴ ፈጠረ። በ1934 ፓሪስ ላይ በተመሠረተው ባንዱም ዝነኛ ሆነ።

ጣቶቹ ለምን ታጠፉ? ጥልቅ ቃጠሎ ሲድን የሚተካው ጠባሳ ለወራት እየተሸበሸበ ይሄዳል። መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ጣቱንም ይጎትተዋል። በሕክምናው ኮንትራክቸር እንለዋለን።

ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ መከላከል ይቻላል፦

✅ ሐኪም ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ ጣቶችን በየቀኑ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ
✅ የታዘዘውን ስፕሊንት በእረፍትና በእንቅልፍ ሰዓት ማሰር
✅ ቁስሉ ቢደርቅም ፊዚዮቴራፒ አለማቋረጥ

⚠️ እጅን አጥፎ መያዝ ሕመሙን ያስታግስ ይመስላል። ጣቱን አጥፎ የሚያስቀረው ግን እሱ ነው!

ጣቱ ታጥፎ ከቀረም በቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላልና ሐኪም ያማክሩ።

እጁ የተቃጠለበት ሰው ካወቃችሁ ይህን ላኩለት።