ያለ ጽሑፍ የተቀጠረ ሠራተኛ መብት

በሀደሮ ከተማ በሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ የሚያቀብል ወይም ለነጋዴ ዝንጅብል የሚያጸዳ ወጣት፥ ብዙ ጊዜ ሥራ የሚጀምረው በቃል ስምምነት ብቻ ነው። የድካሙ ዋጋ ሲቀርበትም «ውል የለኝምና በምን እከሳለሁ?» እያለ ይተወዋል። ይህ አሳብ ከሕጉ ጋር የማይስማማ ስለሆነ ጥቂት ልናብራራው ወደድን።

ለሰው ማደር ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሰዎች ወደ ሸንኮራ እርሻው ሄደው ሠርተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 210 የወጣው ግን ዘግይቶ በ1956 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የሚሠራበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1156 ነው።

በዚህ ዐዋጅ መሠረት የቃል ውልም ውል ነው። እንዲያውም አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ፥ የተፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት (አንቀጽ 7)። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም (አንቀጽ 8)። አሠሪው «ገና በሙከራ ላይ ነህ» ቢል፥ የሙከራ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትና ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ተደንግጓል። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያልፍም፤ በቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል።

እንግዲህ መብቱን የሚያሳጣው የወረቀት አለመኖር ሳይሆን ዝምታ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር፥ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ደግሞም «በቃል ያለ ይረሳል» እንዲባል፥ የሠራበትን ቀንና የተቀበለውን ገንዘብ በደብተር ያልመዘገበ፥ አብረውት የሠሩትንም ምስክሮች ያላሰበ ሠራተኛ በችሎት ፊት ይቸገራል።

የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ በግለሰብ ቤት የሚያገለግሉትም ከዚህ ዐዋጅ ውጭ ናቸው። የእነዚህ የመጨረሻዎቹ ነገር ራሱን የቻለ ጥናት ያሻዋል።

ስለዚህ በዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፥ ማንበብ ለማይችለው ወንድማችን የሥራ ቀኑን መመዝገብ፥ ጊዜው ሳያልፍም አቤቱታውን መጻፍ ይገባናል። ሕግ አንብበን ለፈተና ብቻ ካዋልነው ለወገን ምን ጠቀምነው?