ከመክፈትሽ በፊት የት እንዳለሽ እዪ

ቆይ፣ ማውሱን ልቀቂውና ስሚኝ። ዎርድን ከፍተሽ ሰሞኑን ከነካካሻቸው ዝርዝር ውስጥ ፋይል መልቀም ከዛሬ ጀምሮ ይብቃሽ። ወሩ ሲያልቅ ሌላ ሌላው ይደረብበትና ያኛው ከዝርዝሩ ይወርዳል፤ ያኔ «ጠፋብኝ» ብለሽ ትደውዪልኛለሽ። የት እንዳስቀመጥሽው ሳታዪ እኮ ነው ያስቀመጥሽው።

የዊንዶውስን ምልክት ቁልፍ ይዘሽ «ኢ»ን ተጫኚ። ይኸው ፋይል ኤክስፕሎረር። በግራ ቦታዎቹ ተደርድረዋል፤ አንዱን ስትነኪ ውስጡ ያለው በቀኝ ይታያል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ከላይ ያለችውን ቀጭን መስመር ግን ማንም ልብ አይላትም። «ዶክመንትስ»፣ ቀጥሎ «ማኅበር»፣ ቀጥሎ «2018» እያለች ከበር እስከ ጓዳ የቆምሽበትን የምትነግርሽ እሷ ናት። ከት ከማድረግሽ፣ ፔስት ከማድረግሽ፣ በተለይ ከማጥፋትሽ በፊት አንብቢያት።

ዴስክቶፑን ደግሞ ተመልከቺው። የእሸት ቡና መረከቢያ፣ የኮረሪማ ዋጋ፣ የቡናዋን እናት ዛፍ ሊያዩ ማንኪራ ድረስ የመጡ እንግዶች ፎቶ፣ የአክስታችን ልጅ ሰርግ፤ ሁሉም አንድ ላይ። ሰርጉ ቢጠፋ ሌላ ቤት ይገኛል። የቡና ማኅበሩ መዝገብ ግን የዋዛ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ወደዚያ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም የየማሳው መገኛ ይጠየቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነው ዙሪያው በሙሉ፣ ከዚያ በታች ላለው አንድ ነጥብ ይበቃል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢገፋም ነጥቡን መሰብሰብ የሚቀር ነገር አይደለም። ሰው ጫካ ለጫካ ዞሮ የለካውን መገኛ አንቺ «ቡክ 1» ብለሽ ሰርጉ አጠገብ ታስቀምጪዋለሽ? ገዢው ሲጠይቅ ማን ያገኘዋል? አንቺ ለወሊድ ብትወጪ፣ ተተኪሽ ምን ብላ ትፈልገው?

ፎልደሩን በዓመት ክፈይው፤ በእኛው ዓመት። ምክንያት አለኝ። ለቀማው የሚመጣው ከመስከረም ወዲህ ስለሆነ አንድ ምርት በአንድ ዓመተ ምሕረት ውስጥ ይጠቃለላል። በፈረንጆቹ ብትከፍይው ግን ማድረቁና ርክክቡ ሳያልቅ ዓመቱ ይለወጥና ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ኤክስፕሎረር በራሱ የሚያሳይሽ ቀን የፈረንጅ ስለሆነ በእሱ ብቻ አትመሪ፤ ቀኑን ራስሽ ስሙ ላይ ጻፊው። ወሮቹንም በስማቸው ብቻ አትተያቸው። ኮምፒውተር የሚደረድረው በፊደል ተራ ስለሆነ ሐምሌ ከመስከረም፣ ታኅሣሥም ከኅዳር ቀድመው ይቆማሉ። «01-መስከረም»፣ «02-ጥቅምት» እያልሽ እስከ «13-ጳጉሜን» ብትሄጂ በየቦታቸው ይሰለፋሉ። ስሙን ለመቀየር ፋይሉን አንዴ ነክተሽ ኤፍ 2ን ተጫኚ።

አሁን ደግሞ እኔንም የሚያበሳጨኝ ነገር። ከላይ በቀኝ ያለው መፈለጊያ ሞኝ ነው፤ ሰው «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ እንደሆኑ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም። አንቺ «ማንኪራ» ስትይ ሌላው «ማኪራ» ብሎ ጽፏል፤ ዞኑንም አንዱ «ካፋ» ሌላው «ከፋ» ይለዋል። የቱ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሽማግሌዎቹ እንተወው። አንቺ አንዱን ምረጪና ሁልጊዜ እሱኑ ጻፊ፤ ቢሮ ውስጥ ላሉትም ንገሪያቸው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ውስጥ ያለውን ቃል ግን ብትፈልጊም አታገኚውም፤ የፋይሉ ስም ካልረዳሽ በቀር መክፈት ብቻ ነው መድኃኒቱ።

በቴሌግራም የሚላክልሽስ? ላፕቶፑ ላይ አውርደሽው ከሆነ «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር አለ፤ እዚያ ነው የሚከማቸው። አርብ አርብ ከሥራ ከመውጣትሽ በፊት ግቢና የሚፈለገውን ወደ ቦታው ውሰጂ። ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ በማውስ ስትጎትቺ ግን ልብ በዪ፦ እዚያው ድራይቭ ላይ ከሆነ ፋይሉ ይዛወራል፣ ወደ ፍላሽ ከሆነ ደግሞ ኮፒው ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ «ሁለት ሆነብኝ»፣ «ከነበረበት የለም» ይላል። ተሳስተሽ ከጣልሽው ወዲያው ኮንትሮል ዜድ በዪ፤ ይመለሳል።

ፍላሽ ነገር ከመጣ፦ ከፎቶ ቤት የመጣ ፍላሽ ስትከፍቺ ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው ካየሽ አትንኪያቸው፤ ቫይረስ ነው። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ይታይ። ዕቃሽ ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቋል፤ «ቪው» ውስጥ ገብተሽ የተደበቁትን አሳይ የሚለውን ምልክት ስታደርጊ ሊወጣ ይችላል። እዚያው የፋይሉን መጨረሻ ስም የሚያሳየውንም አብሪው፤ «ደብዳቤ» የሚል ፋይል መጨረሻው ፒዲኤፍ ሳይሆን ኢኤክስኢ ከሆነ ደብዳቤ አይደለም። ከፍላሽ ላይ ያጠፋሽው ደግሞ እንደ ላፕቶፑ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ አይጠብቅሽም። ስለዚህ የእንግዶቹን ፎቶ ስታዛውሪ ከት አትበይ፣ ኮፒ በዪ። አንድ ሁለቱን ከፍተሽ እዪ፣ ከዚያ የፍላሹን አጥፊ። መብራቱ ደግሞ እንደምታውቂው ነው፤ በመሃል ሊሄድ ይችላል።

በይ፣ አሁን ያንን «ኒው ፎልደር 7» የሚለውን ክፈቺው፤ ውስጡ ያለውን እኔም ልየው።