ጎማ፣ ቸርኬና ንፋስ እንደ አንድ ውሳኔ፦ ነባር የመስክ ተሽከርካሪዎች ከመቐለ እስከ ዳሎል

መግቢያ

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የቶዮታ ላንድክሩዘር 40 ተከታታይ በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ተመርቷል፤ እሱን የተካው 70 ተከታታይም በኢትዮጵያ የመስክ ሥራ በእጅጉ የታወቀ ነው። የእነዚህ መኪኖች ሻንሲና ሞተር በጥገና ብዙ ዘመን ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ጎማቸው ግን በየጊዜው ይለወጣል። በሚለወጥበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጎማው ገበያው እንደፈቀደ ይገዛል፣ ቸርኬው እንዳለ ይቀራል፣ ንፋሱም ለጎሚስታው ልማድ ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱ ተነጣጥለው ሊወሰኑ የማይገባቸው መሆኑን ማሳየት ነው። ለማሳያነት የተመረጠው ከመቐለ በበራህሌ በኩል ወደ ሐመድ ኢላና ዳሎል የሚወርደው መስመር ነው። በዚህ መስመር ተሽከርካሪው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ወዳለ የጨው ሜዳ ይደርሳል። ሙቀቱ ብርቱ፣ የተያዘው ውኃም የተወሰነ በመሆኑ በዚያ ስፍራ የጎማ መፈንዳት የመዘግየት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወትም ጉዳይ ነው።

የጎማው መጠንና የቸርኬው ስፋት

ባለ 109 ኢንቹ ላንድሮቨርና ብዙዎቹ የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች የሚታወቁት 7.50-16 በሚባለው ጎማ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል፤ የጎማው ሙሉ ቁመት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በዘመኑ አጻጻፍ 235/85አር16 የሚባለው ጎማ በስሌት 80.6፣ 265/75አር16 የሚባለው ደግሞ 80.4 ሴንቲ ሜትር ቁመት አላቸው። ቁመታቸው ብቻ ሲታይ ሁለቱም ለነባሩ ጎማ ተተኪ ይመስላሉ።

ልዩነቱ የሚገለጠው ከቸርኬው ጋር ሲገናዘቡ ነው። የባለ 109 ኢንቹ ላንድሮቨር ነባር ቸርኬ 5.5 ኢንች ስፋት ሲኖረው፣ 265/75አር16 ግን ከ7 እስከ 8 ኢንች ስፋት ላለው ቸርኬ የተሠራ ነው። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ጥርሱ መሐሉ ላይ ይቆለመማል፣ መሐሉም ቀድሞ ያልቃል። ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ ቸርኬ ቢገዛ ደግሞ በኩሽኔታዎቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ የኃይል ረዳት የሌለው መሪም ይከብዳል። ስለሆነም ነባሩ ቸርኬ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ 7.50-16 ቀዳሚው ምርጫ ነው። 235/85አር16 የሚመረጥ ከሆነ አምራቹ ለዚህ መጠን የፈቀደው ቸርኬ አብሮ መታሰብ አለበት።

በእነዚህ ነባር ተሽከርካሪዎች በአብዛኞቹ ላይ አራቱም ጎማዎች በሞተር ኃይል ሲዞሩ የፊትና የኋላ አክስል እኩል ፍጥነት እንዲኖራቸው ይገደዳሉ፤ በመካከላቸው ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። አዲስና ያለቀ ጎማ ከፊትና ከኋላ ተቀላቅለው በደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ በዚህ ሁኔታ ቢነዱ ጥርስና አክስል ያላግባብ ይወጠራሉ። አራቱ ጎማዎች በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትና በአሮጌነትም መመሳሰል አለባቸው።

ከመነዳሪና ባለ ቀለበት ቸርኬ

ብዙ ነባር ቸርኬዎች የተሠሩት የውስጥ ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪ፣ እንዲገባባቸው ታስቦ ነው። በብሎን መሰል ምስማር የተያያዙት ንፋስ አያግዱም፤ ጎማውን በዝቅተኛ ግፊት ጊዜ የሚይዝ ጉብታም የላቸውም። ንፋሱ ከመጠን በላይ ሲቀነስ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ከመነዳሪውንም ይዞት ስለሚዞር ቫልቩን ከሥሩ ሊበጥሰው ይችላል።

ባለ ቀለበት ቸርኬ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ጎማው በክሪክና በብረት በመስክ ሊፈታ መቻሉ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ቀለበቱ በደንብ ሳይገጥም ንፋስ ከተሞላ ተስፈንጥሮ ሊገድል ይችላል። ከመፈታቱ በፊት የቫልቩ ውስጠኛ ክፍል ወጥቶ ንፋሱ ጨርሶ መውጣት አለበት። ሲሞላም በብረት መከለያ ውስጥ ሆኖ በረጅም ቱቦ ከርቀት ይሞላል፤ በቀለበቱ ፊት ማንም አይቆምም። የተጣመመ ወይም የዛገ ቀለበት ዳግም ሊገጠም አይገባም።

ንፋሱ የሚሸከመው ጭነት

ጭነቱን በዋነኛነት የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው። በአንድ ጎማ ላይ 600 ኪሎ ግራም ቢያርፍና የመለኪያው ግፊት 220 ኪሎ ፓስካል (32 ፒኤስአይ) ቢሆን፣ የጎማው ጥንካሬ ሳይታሰብ፣ መሬት የሚነካው ስፋት 268 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግፊቱ ወደ 124 ኪሎ ፓስካል (18 ፒኤስአይ) ሲወርድ ስፋቱ 475 ይደርሳል። ይህ ጭማሪ በአብዛኛው የሚገኘው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ርዝመት ነው፤ ጠባቡ ነባር ጎማ በአሸዋ ላይ የሚሠራበት ምክንያትም ይኸው ነው። ዋጋው ደግሞ ሙቀት ነው፦ የላላ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚታጠፍ በፍጥነት ሲነዳ ከውስጥ ይግላል።

ከፍታና ሙቀት

መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የውጭው ግፊት በ2,000 ሜትር ከፍታ 79፣ በዳሎል 103 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በመቐለ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 220 ኪሎ ፓስካል የተሞላ ጎማ ፍጹም ግፊቱ 299 ይሆናል። በ40 ዲግሪ ይህ ወደ 325 ያድጋል፤ ከዚህ ላይ 103 ሲቀነስ መለኪያው 222 ያሳያል። ሙቀት የጨመረውን የከፍታ መውረድ ወስዶታልና ንባቡ ሳይለወጥ የቀረ ያህል ነው። በአንጻሩ በሜዳው ላይ በቀን በ40 ዲግሪ 124 የተደረገ ጎማ በሌሊት 25 ዲግሪ ሲሆን ወደ 113 ይወርዳል። ወደ መቐለ ተመልሶ በ15 ዲግሪ ሲለካ ደግሞ 130 ላይ ነው፤ ያለ ኮምፕሬሰር ወደ መንገድ ግፊቱ አይመለስም።

ስሌቱ ጎማው ቆሞ ከአካባቢው ሙቀት ጋር እኩል የሆነበትን ሁኔታ ይመለከታል። በጉዞ የጋለ ጎማ ከፍ ያለ ንባብ ሲያሳይ ንፋሱን ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚያስፈልገው በታች ይሆናልና።

መሬቱና ዕድሜው

በአሸዋ ላይ ንፋስ መቀነስ ይጠቅማል፤ በጨው ሜዳ ግን ንጣፉ ከሥሩ ጭቃ ሊኖረው ስለሚችል ዝቅተኛ ግፊት የተጠኑ መስመሮችን አይተካም። ወደ ኤርታሌ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቃራኒውን ይጠይቃል፦ የላላ ጎማ ጎኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ በቀላሉ ይቀደዳል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም አሮጌ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የምርቱን ሳምንትና ዓመት ይገልጻሉ፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዱ ነባር መኪኖች ከጥርሱ ጥልቀት ይልቅ ይህ ቁጥር ወሳኝ ነው።

ማጠቃለያ

የምርጫው ቅደም ተከተል ከቸርኬው ይጀምራል፦ ስፋቱና ዓይነቱ የጎማውን መጠን ይወስናሉ። ቀጥሎ ተሽከርካሪው ከነሙሉ ጭነቱ በመኪና ሚዛን ላይ በየአክስሉ ይመዘናል፤ በአምራቹ የጭነት ሠንጠረዥ መሠረትም የቀዝቃዛ ጎማ ግፊት ይወሰናል። መሬቱ ሲለወጥ ግፊቱም ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይለወጣል። ከጭነት፣ ከሙቀትና ከከፍታ ተነጥሎ የሚነገር የንፋስ ቁጥር ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ በቂ መመሪያ አይሆንም።