ከሲ.ኤም.ሲ ወደ ጣና፦ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አዲስ አበባ ሲ.ኤም.ሲ ለሚኖር ሰው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው፤ ከዚያ በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው ባሕር ዳር የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ናት። ጣና ግን በጥድፊያ አይታይም። የመነኮሳት መኖሪያና የዓሣ አጥማጆች እንጀራ ስለሆነ፣ ዕቅድዎን ለሐይቁ ሥርዓት ያስገዙ።

1. ጸጥታውን አስቀድመው ያጣሩ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በጎጃም በኩል ያለውን የመኪና መንገድ ሳያጣሩ መነሳት አይገባም። ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ወይም የሚያርፉበትን ሆቴል ደውለው ይጠይቁ። የከተማው ሰላም ብቻውን አይበቃም፤ ጀልባ ወደ ሐይቁ ገዳማት እየሄደ መሆኑንም ለይተው ይጠይቁ።

2. ወቅቱን ይምረጡ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴን ሞልቶ ለማየት ከመስከረም እስከ ጥቅምት ይሂዱ። በበጋ ውኃው ከመቀነሱም በላይ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ቀጭን ውኃ ሊያገኙ ይችላሉ።

3. ከማን ጋር እንደሚሄዱ ያስቡ። ከገዳማቱ መካከል ክብራን ገብርኤልና የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ከቤተሰብ ጋር ከሆኑ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይምረጡ። ከጀልባው ወርደው በቡና ዛፎች ጥላ ሥር ሽቅብ ሲሄዱ ክቡን ቤተ ክርስቲያን ያገኛሉ፤ ጫማ አውልቀው ሲገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ነጠላ አይርሱ፤ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

4. በጠዋት ይነሱ። የሐይቁ ጥልቀት ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ስፋቱ ግን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ያስቸግራል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አይሳፈሩ።

5. ሒሳቡን ቀድመው ይጨርሱ። የጀልባው ዋጋ ደርሶ መልስና ቆሞ መጠበቅን የሚጨምር መሆኑን ተነጋግረው ይሳፈሩ። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻ ይከፈላል፤ ዝርዝር ብር ይያዙ።

6. ሐይቁን አይጉዱት። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ እምቦጭ አረም ግን ዳርቻውን ወርሮ ዓሣ አጥማጁን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ፕላስቲክዎን ይዘው ይመለሱ፤ አስጎብኚም ከአካባቢው ልጆች ይቅጠሩ።

7. ቀኑን ይቁጠሩ። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ሩቅ ናት፤ ሙሉ ቀን ይመድቡላት። ያለዎት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ዘጌን ረጋ ብለው ይዩ፤ ደቅን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ስለ ጸጥታው ለጠየቁት አስተማማኝ መልስ ካላገኙ ደግሞ ትኬቱን አይቁረጡ።