የደከመ ባትሪና የሚያመጣው የኤሌክትሪክ ሕመም

በአብደራፊና በዙሪያው ባለው የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥ የሚዘራው ከሰኔ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ ትራክተሩ አልነሣ ያለ እንደሆነ የሚታጣው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም። በወቅቱ ያልተዘራ ሰሊጥ በኅዳር ወደ ጐንደር አይጫንምና ነገሩ ከገበሬው አልፎ ላኪውንም ይነካል። ስለ አንድ ባትሪ በዚህ ዓምድ መጻፋችን ስለዚህ ነው።

በዝናቡ መግቢያ ሞተር አልነሣ ሲል ብዙ ሰው በእርጥበቱ ያመካኛል። ባትሪው ግን የተጐዳው ቀደም ብሎ፣ ትራክተሩ ሥራ ፈትቶ በቆመባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በእነዚህ ወራት የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ውሃው ይተናል፤ የተከማቸው ኃይል ሳይሠራበት ያልቃል። ባዶውን የቆየ ባትሪ ደግሞ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ጨው ይጋገርበታል፤ ይህም አንዴ ከጠነከረ በኋላ ኃይል ቢሞሉት እንኳ በቀላሉ አይለቅም።

የሚያሳዝነው፣ ባትሪ ሲደክም ሕመሙ የሚታየው በሌላ ስፍራ መሆኑ ነው። ሞተሪኖው ጠቅ ጠቅ ብሎ ይቀራል፤ መብራቱ ይፈዛል፤ ጡሩምባው ድምፁ ይሰለላል። ኮምፒዩተር ባላቸው በአሁኖቹ መኪናዎችማ የፍሬኑም የሞተሩም የማስጠንቀቂያ መብራት ባንድነት ይበራና ባለቤቱን ያስደነግጠዋል። እርሱም መጀመሪያ ሞተሪኖ፣ ቀጥሎ ዲናሞ ይገዛል፤ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ የመጣ ዕቃ ነው። ዕቃውን የሸጠው ባለ ሱቅ ለጊዜው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ደንበኛው ግን በሳምንቱ ተቈጥቶ ይመለሳል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ይገባል። በባትሪው ራስ ላይ ያለውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሞቀ ውሃና በቢካርቦኔት አጥቦ ማሰሪያውን ማጥበቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ባዶ ከሆነ ኃይል ሞልቶ እንደገና መፈተን እንጂ ወዲያው ሞተ ማለት አይገባም። ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተር ሲያስነሡበት ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ባትሪው ራሱ አርጅቷል። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው ዝም ያለ እንደሆነ ጥፋቱ የሞተሪኖው ወይም የሽቦው ነው።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ መለኪያው ከ13.8 እስከ 14.5 ሊያሳይ ይገባዋል። ከዚያ ሳይደርስ በ12 አካባቢ የቀረ እንደሆነ ዲናሞውን፣ ከእርሱም በፊት ቺንጊያውን ይመለከቷል፤ የላላ ቺንጊያ በርካሽ ይጠበቃልና። ከ15 በላይ ከወጣ የቮልት መቈጣጠሪያው ተበላሽቶ አሲዱን እያፈላው ነው። በ24 ቮልት የሚሠራ የጭነት መኪና ሁለት ባትሪ ስላለው እያንዳንዱ ለየብቻው ይለካል። አንዱ ሲሞት አዲስ ከአሮጌ ጋር ማጣመር አዲሱንም በቶሎ ያደክመዋል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መለወጥ ይሻላል።

ለባለ ሱቅም የምንለው አለ። ባትሪ እንደ ሚስማር ቢቀመጥ የማይለወጥ ዕቃ አይደለም፤ በጋለ ቆርቆሮ ሥር የተደረደረ ባትሪ ሳይሸጥ ያረጃል። የተሠራበትን ቀን አይቶ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ መሸጥ፣ በየወሩ መለካት፣ ከ12.4 በታች የወረደውን ኃይል መሙላት ያስፈልጋል። ለቆላው የሚያዝ አስመጪም አሲዱ ለብቻው የሚመጣውን ደረቅ ባትሪ ቢመርጥ ይበጀዋል፤ ክዳኑ ሳይከፈት በጥላ ከተቀመጠ ብዙ ወራት ይቆያልና። ክዳኑ በሚከፈተው ባትሪ ውስጥ ውሃው ሲጐድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድ መጨመር ሰሌዳውን ይበላዋል። ኃይል በሚሞላበት ስፍራ ሲጋራ ማጨስ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይፈነዳል።

ትራክተሩን ለበጋ የሚያቆም ሰውም አስቀድሞ የኔጋቲቩን ሽቦ ይፍታ፤ ባትሪውን አውጥቶ በጥላ ያኑር፤ በየወሩም ኃይል እየሞላ ግንቦት ሳያልቅ ወደ ስፍራው ይመልሰው።