ወገብ ሲያም መሪውን ይፈትሹ

ወገቡን የሚያመው ሞተር ነጂ መጀመሪያ የሚወቅሰው መቀመጫውን ነው። ስፖንጅ ያስጨምራል፣ የበግ ቆዳ ያለብሳል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ከመሪው ነው። መሪው ከራቀ ወይም ዝቅ ካለ ጀርባ ይጎብጣል፤ የደረትና የትከሻ ክብደት እጅ አንጓ ላይ ያርፋል።

የሚስማማዎት መሪ በሚነዱበት መንገድም ይወሰናል። ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጋው ላይ እስካሉ ድረስ ጠላትዎ ነፋስ ነው፤ ደብረ ብርሃን ራሷ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። በጣም ከፍ ያለ መሪ ደረትዎን ለነፋሱ ይሰጠዋል። እንዳይገፋዎ መሪውን ጨምድደው ይይዛሉ፤ ክንድ ይዝላል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ጥፋቱም በብርዱ ይላከካል። አንኮበር ደርሰው ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፍሬን በያዙ ቁጥር ሰውነትዎ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው ካለ የእሱም ክብደት ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ዝቅ ያለ መሪ አንጓ ይፈጃል።

ስለዚህ ለዚህ አገር እኔ የምመርጠው መጠነኛ ከፍታ ያለው፣ ጫፎቹ ወደ ነጂው መለስ ያሉ መሪ ነው። አጫጭሮቹ የእሽቅድምድም መሪዎች ለፎቶ ያምራሉ፤ እዚያው ይቅሩ። ሰፋ ያለ መሪ ጠጠር ላይ ያግዛል፤ ከልክ ካለፈ ግን ትከሻ ያደክማል፣ በገበያ ቀን ከአህያ ጭነት ጋር ያላትማል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያለውን ይሞክሩ። ሞተሩን በሁለት እግሩ አቁመው ይቀመጡበት፤ ዓይንዎን ጨፍነው ክርንዎን ሳይገትሩ እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። ዓይንዎን ሲገልጡ እጅዎ ያለበትና መሪው ያለበት ቦታ ምን ያህል ይራራቃሉ? ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ መሪውን የያዙትን ብሎኖች አላልተው ጥቂት ወደ ራስዎ ማዞር ይበቃል። ከዚያ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን እንደገና ያስተካክሉ፦ ጣትዎ ሲያርፍባቸው አንጓዎ ወደ ላይም ወደ ታችም መታጠፍ የለበትም። ይህን ጓንት አጥልቀው ቢያደርጉት ይሻላል።

ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሌላ መሪ ይግዙ፤ አሮጌውንም ይዘው ይሂዱ። የብዙ ትናንሽ ሞተሮች መሪ ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ለክቶ መግዛት ይሻላል። አዲሱ ከፍ ካለ ካቦዎቹና የፍሬን ጎማው ሊያጥሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሞተሩን አስነስተው፣ ማርሹን ነጻ አድርገው፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት። እጅዎ ከነዳጅ ታንኩ ጋር ከተጋጨ ወይም ነዳጅ ሳይሰጡ ሞተሩ ከጮኸ፣ ሳያስተካክሉ ከጋራዡ አይውጡ።